ጥያቄዎቻችሁ፦ ኢፖክሲ እና የሐዋሳ ሌሊት

በሐዋሳ ጀልባ ከውሃ ወጥቶ የሚጠገነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያው ወቅት ደግሞ ሌሊቱ የሚበርድበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ 27 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው አየር ሊነጋጋ ሲል ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ባስ ሲልም ከዚያ ያንሳል። ለጥገናው የሚውለው ኢፖክሲ ደግሞ ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ ነውና ብርድ ያስቸግረዋል። ሰሞኑን ለዓምዱ የደረሱት ጥያቄዎች በአብዛኛው የዚሁ ብርድ ጣጣ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የመዝናኛ ጀልባዬ የፋይበር ነው። ከፊት በኩል ድንጋይ ነክቶት ተሰነጠቀ። ሠራተኛው ከዚህ በፊት በተለመደው የፋይበር ሬዚን ነበር የሚሠራው፤ አሁን ኢፖክሲ ይሻላል ስለተባለ ገዝቼ ሰጠሁት። ብርድ ነው፣ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ሃርድነሩን ጨመር አደረገበት። ይኸው አምስተኛ ቀኑ፤ አሁንም እጅ ይይዛል። እንጠብቅ ወይስ እናንሳው? (የጀልባ ባለቤት፣ ከፍቅር ሐይቅ)

መልስ፦ ያንሱት። ቢጠብቁት አይደርቅም።

የሠራተኛው ልማድ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የተለመደው የፋይበር ሬዚን ፖሊስተር ነው። እዚያ ላይ ጠብ የሚደረገው ፈሳሽ ካታሊስት ነው፤ ሥራው ሬዚኑ ከራሱ ጋር እንዲያያዝ መቀስቀስ ብቻ ነው። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ይበቃል፤ ሲሞቅ ወደ 10፣ ሲበርድ ወደ 20 መጠጋትም ያስኬዳል። ስለዚህ በፖሊስተር የሠራ ሰው «ብርድ ሲሆን ጨምር» የሚለውን ትምህርት በእጁ ይዞት ይመጣል።

የኢፖክሲ ሃርድነር ግን ቀስቃሽ አይደለም፤ የዕቃው ግማሽ አካል ነው። እያንዳንዱ የሃርድነር ቅንጣት የሚይዘው የሬዚን ቅንጣት ይፈልጋል። ሃርድነሩ ሲበዛ ተጓዳኝ ያጣው ይተርፋል፤ በጠነከረው መካከል እንደ ቅባት ተቀምጦ ያለሰልሰዋል፣ ውሃም ይስባል። ሬዚኑ ሲበዛም ውጤቱ ያው ነው። ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልኬት 2 ወይም 3 በመቶ መዛነፍ ብዙ አይጎዳም፤ በዓይን «ጨመር» የተደረገ ግን ከዚያ በጣም ያልፋል። በኢፖክሲ ብርድ የሚሸነፈው ወይ ለብርድ የተሠራ ፈጣን ሃርድነር በመግዛት፣ ወይ ሥራውን በማሞቅ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ልኬቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ነገር አለ። ጣሳው ላይ «2 ለ 1» ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጠን ነው፤ ማለትም በሲሪንጅ ወይም መስመር ባለው ኩባያ ሲለካ። ሬዚኑ ከሃርድነሩ ስለሚከብድ ያው ድብልቅ በሚዛን ሲለካ 100 ግራም ሬዚን ለ43 ወይም 45 ግራም ገደማ ሃርድነር ይሆናል፣ ለ50 አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ከጣሳው ወይም አብሮት ከሚመጣው ወረቀት ላይ ያንብቡት። ትንሽ ሲቀላቀል በግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን ከኩባያ ይሻላል፤ 60 ግራም በኩባያ ለመለካት ሲሞከር ግድግዳው ላይ የሚቀረው ብቻ ልኬቱን ያዛባል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ገና ለስላሳ ሳለ በስፓቱላ ይፋቁት፤ ፀሐይ መትቶት ሞቅ ሲል ይቀላል። የቀረውን በአሴቶን በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ያለዚያ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ይሆናል። ሲደርቅ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ደረቅ ነጭ ዱቄት እስኪወጣ ይፈግፍጉት። ወረቀቱ ላይ ሙጫ ሙጫ የሚል ነገር ከተጠቀለለ ገና አልጸዳም።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ልኬቱ ትክክል እንደነበር እርግጠኛ ከሆናችሁና ያጣበቀውም በብርዱ ምክንያት ከመሰላችሁ፣ ከመፋቃችሁ በፊት ቦታውን በጥቁር ላስቲክ ሸፍናችሁ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ አስመቱት። ጥፋቱ የብርድ ከሆነ ይጠነክራል። ማታ ላይ አሁንም ከለሰለሰ ጥፋቱ የልኬት ወይም በደንብ ያለመቀላቀል ነው፤ ይነሳል።

ከርዕሱ ወጣ ቢልም ሳንጠቅሰው የማናልፈው አለ። በፖሊስተር ለምትሠሩ፣ ሐምራዊውን ማፍጠኛ (ኮባልት) እና ካታሊስቱን ፈጽሞ በቀጥታ እንዳታገናኙ፤ በኃይል ይነዳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ማፍጠኛው ቀድሞ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይበጠበጣል፣ ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ ይገባል።

ጥያቄ፦ የኢፖክሲው ጣሳ «የመሥሪያ ጊዜ 25 ደቂቃ፣ በ6 ሰዓት ይጠነክራል» ይላል። ማታ ቀብተን ጠዋት ስናየው ገና ነው። የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልን ይሆን? ለመሆኑ በስንት ሰዓት ላይ ነው መሥራት ያለብን? (የጥገና ሠራተኛ፣ ከአሞራ ገደል)

መልስ፦ ዕቃው ደህና ነው፤ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። በጣሳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ በ25 ዲግሪ 6 ሰዓት የሚፈጀው በ15 ዲግሪ 12 ሰዓት ይፈጃል። ሌሊቱ 10 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ጉዳዩ መዘግየት ብቻ አይደለም። ዘገምተኛ ሃርድነር በአብዛኛው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች አይሆንም፤ ፈጣን የሚባለው እንደ ዓይነቱ እስከ 10 ወይም 5 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ ወሰን በታች ቅንጣቶቹ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ሳይያያዙ ባሉበት ይቆማሉ። እንዲህ ያለው ኢፖክሲ አታላይ ነው፤ ሲነኩት ደረቅ፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ፣ ሲመቱት ግን የሚሰባበር። ደግነቱ እንደገና ሲሞቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

ወሳኙ የጀልባው ገላ ሙቀት ነው፣ የአየሩ አይደለም። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ወፍራም ገላ አየሩ 22 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት እንኳ 15 ላይ ሊሆን ይችላል። በርቀት የሚያነብ የእጅ ቴርሞሜትር ካገኙ ሥራው ይቀላል። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ግን ብዙውን ጊዜ የሰው ገላ ሙቀት ብቻ ስለሚያነብ አይሆንም።

ለፋይበር ጀልባ የሚሻለው የቀን አካሄድ ይህ ነው።

ከዋዜማው ሬዚኑንና ሃርድነሩን ሙቅ ክፍል ውስጥ ያሳድሯቸው። ሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ጣውላ ወይም ካርቶን ላይ ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤዛውን ጠርገው ጀልባውን ይግለጡት፣ የሚጠገነውም ጎን ወደ ፀሐይ ይዙር። የገላው ሙቀት የጤዛ መፈጠሪያ ከሆነው ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ መሣሪያ ለሌለው ሰው ቀላሉ መፈተኛ ትንፋሽ ነው። ገላው ላይ ሲተነፍሱበት የሚፈጠረው ጉም ወዲያው ካልጠፋ ገና ነው። 4 ሰዓት ገደማ ገላው 20 ዲግሪ ሲያልፍ ፈግፍገው በአሴቶን ይጥረጉ፣ 4 ተኩል ላይ መቀባት ይጀምሩ፣ የመጨረሻው የፋይበር ጨርቅ ከ7 ሰዓት በፊት ይተኛ። ያኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ አምስት ሰዓት ያህል ይቀራል፤ ኢፖክሲው ብርዱን የሚያገኘው ከያዘ በኋላ ይሆናል።

10 ሰዓት ሲሆን በሸራ ይሸፍኑትና ከሥሩ ሙቀት ያስገቡ። የኤሌክትሪክ ሂተር ጥሩ ነው፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ። መብራት የማይነካው ዘዴ የሙቅ ውሃ ጀሪካን ነው። 20 ሊትር ውሃ ከ70 ወደ 25 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ይህም የ100 ዋት አምፖል በ10 ሰዓት የሚሰጠው ነው። ጥገናው ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ደርድረው ሸራውን እስከ መሬት ካወረዱና ጠርዙን በድንጋይ ከያዙት ጠዋት ድረስ ያቆየዋል። የፈላ ውሃ ግን አይጨምሩ፤ ጀሪካኑ ይለሰልሳል። የባውዛ ነገር ከተነሳ ደግሞ የድሮው ዓይነት ያሞቃል፣ የዛሬው ኤልኢዲ ግን ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ሸራውን ወጥረን ውስጡ የከሰል ምድጃ ብናስቀምጥስ? ርካሽ ነው፣ ሙቀቱም ይበረታል። (ከዚያው፣ ሌላ ጠያቂ)

መልስ፦ አይሆንም፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛው ሰው ይገድላል። በተሸፈነ ቦታ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሥራውን ለማየት ሸራ ገልጦ የገባ ሰው እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ ኢፖክሲውንም ያበላሻል። ከእሳት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገና ካልጠነከረው ሃርድነር ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ቅባታማ ሽፋን ይሠራል። ቡታጋዝና ላምባም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ በዚያ ላይ እንፋሎት ይጨምራሉ። ከሰሉን ውጭ አንድደው ውሃ ያሙቁበት፣ ውሃውን ጀሪካን ውስጥ ያስገቡት። ጭሱ ውጭ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይገባል።

ጥያቄ፦ ላዩ ደርቋል ግን ነጣ ያለና ሰም የመሰለ ነገር አለበት። ሁለተኛ ዙር ስንቀባበት ተላጠ፣ ቀለሙም እንዲሁ። በቲነር ብናጥበው አልለቅ አለ። (የጋራዥ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ከላይ ያልነው ቅባታማ ሽፋን ይኸው ነው። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ባለበት፣ በተለይ ሐይቅ ዳር፣ ምድጃ ባይኖርም ይፈጠራል፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከጤዛው ጋር ሃርድነሩ የሚሠራው ነው። ቲነር ያልፈታው ሽፋኑ በውሃ እንጂ በቲነር ስለማይሟሟ ነው። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃና ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይያዙ፣ እያሹ ይጠቡት፣ ውሃው ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ውሃው ላዩ ላይ ኳስ ኳስ መሥራቱን ትቶ ወጥ ሆኖ ሲተኛ ጸድቷል። ብርጭቆ ወረቀት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ወረቀቱ ሽፋኑን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል፣ የሚቀጥለው ዙርም የሚላጠው ለዚህ ነው።

እንዳይመጣ ማድረጊያው ርካሽ ነው። የመጨረሻው ዙር እንደተቀባ ቀለም የሌለው፣ ዘይትም ያልነካው ቀጭን የናይለን ጨርቅ ላዩ ላይ አስተኝተው በብሩሽ ይጫኑት። ኢፖክሲው ሲጠነክር ጨርቁ ይነቀላል፤ ሽፋኑን ይዞ ይሄዳል፣ ከሥሩ የሚቀረውም ለቀጣዩ ዙር የተዘጋጀ ሻካራ ገጽ ነው። ግን መጀመሪያ ቁራጭ ጣውላ ላይ ይሞክሩት፤ አንዳንዱ የገበያ ናይለን ከኢፖክሲው የማይላቀቅ ሆኖ ይገኛል። ሌላው መላ ሁለተኛውን ዙር ሳይዘገዩ መቀባት ነው፦ የመጀመሪያው ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ፣ ግን ጣት ላይ የማይቀር በሆነበት ሰዓት። ያኔ ሁለቱ ዙሮች ራሳቸው ይያያዛሉ፣ መፈግፈግም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ እንደ ረጋ ማር ሆኗል። ይጣል? ደግሞስ ብርድ ላይ በጣም ስለሚወፍር ትንሽ ቲነር ጠብ ብናደርግበት? (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ አይጣልም። ሬዚን በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ፣ ይልቁንም ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ሲወርድና ሲወጣ፣ እህል እህል ይላል። ክዳኑን ላላ አድርገው ጣሳውን 50 ዲግሪ ገደማ ባለው ውሃ ውስጥ ያቁሙትና እያማሰሉ ፍጹም ጠርቶ እስኪታይ ይቆዩ። ጥቂት እህል ከቀረበት ተመልሶ ይረጋል። ውሃ ግን ጠብ እንዳይልበት። ሃርድነሩን እንዲህ አያሙቁ፤ ክፍሉ ውስጥ ካደረ ይበቃዋል።

ቲነሩን ይተዉት። በብርድ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ኢፖክሲ ውስጥ የገባ ቲነር መውጫ ሳያገኝ ይታፈናል፤ ጥገናው ይለሰልሳል፣ ሲቆይም ይሸበሸባል፣ ውሃም ያስገባል። ለማቅጠን ሬዚኑን ወደ 25 ወይም 30 ዲግሪ ማሞቅ ይበቃል። ሲሞቅ የመሥሪያ ጊዜውም ያጥራልና በትንሽ በትንሹ ይቀላቅሉ። የተቀላቀለውን ጥልቅ ኩባያ ውስጥ አያቆዩ፤ ሙቀቱን ራሱ ስለሚያመርት ይፍለቀለቃል፣ ያጨሳል። ሰፊ ዝርግ ዕቃ ላይ ቢገለብጡት የመሥሪያ ጊዜው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ የጀልባዬ ሆድ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ነው፣ 5 ሳንቲሜትር የሚያህል ቀዳዳ አለው። ስንት ጨርቅ፣ ስንት ኢፖክሲ ልግዛ? ሻጩ ማት ይሻልሃል ይለኛል። (ከጥቁር ውሃ)

መልስ፦ ቀዳዳውን ብቻ የሚሞላ ጥገና ይወድቃል። የሚይዘው ዙሪያው ላይ ያለው ተዳፋት ነው። በግራይንደር ከቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውጭ በ1 ለ 12 ያዘቅዝቁት፤ ለ6 ሚሊሜትር ውፍረት በየአቅጣጫው 72 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር የነበረው ቀዳዳ ወደ 19 ተኩል ሳንቲሜትር ክብ ያድጋል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉና 3 ሳንቲሜትር ላይ ያቆማሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ጠርዝ ላይ ክብ ስንጥቅ ይወጣል።

600 ግራም በካሬ ሜትር የሆነ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ በእጅ ሲቀባ ውፍረቱ ሦስት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስምንት ድርብ ይበቃል። ክቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲቆረጡ ጠቅላላ ስፋታቸው 0.1 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁርጥራጩን ጨምረው ሩብ ሜትር ይግዙ። የጨርቁ ክብደት 60 ግራም ከፍ ይላል፣ ኢፖክሲው በክብደት ከጨርቁ ጋር እኩል ይሁን። ለመጀመሪያው ቅብና ብሩሽ ላይ ለሚቀረው ሲጨመር 100 ግራም ሬዚንና የሚገባው ሃርድነር ይበቃል፤ በሁለት ዙር እየተቀላቀለ። አራቱን ድርብ አስተኝተው፣ መያዝ ሲጀምር አራቱን ይድገሙ። ስምንቱ በአንድ ጊዜ ከተደረቡ በቀዝቃዛ ቀን ከመያዛቸው በፊት ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ከውስጥ በኩል በላስቲክ የተሸፈነ ካርቶን ደግፈው ያስይዙት።

ማቱን (ክሮቹ ሳይሸመኑ በማያያዣ የተጣበቁበትን የፋይበር ጨርቅ) በተመለከተ ሻጩ ስለ ፖሊስተር ከሆነ ያለው ልክ ነው። የተለመደው ማት ክሮቹን የያዘበት ማያያዣ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፤ ኢፖክሲ ያን ስለሌለው ማቱ እንደደረቀ ይቀራል፣ ጠርዙም አይታጠፍም። ለኢፖክሲ የተሸመነ ጨርቅ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የእኛ የዓሣ ማስገሪያ የጣውላ ጀልባ ነው። ጠዋት ኢፖክሲ ስንቀባው ፀሐዩ ሲበረታ አረፋ አወጣ። በጣውላው መጋጠሚያ ያለውንም ክፍተት በኢፖክሲ ሞልተነው ነበር፤ ውሃ ሲገባ ተሰነጠቀ። (ዓሣ አስጋሪዎች፣ አሞራ ገደል)

መልስ፦ አረፋው ከእንጨቱ የወጣ አየር ነው። እንጨት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ የፋይበር ጀልባን ጠዋት ጀምሩ እንዳልን፣ ባዶ እንጨትን ግን ቀድሞ ፀሐይ አስመትቶ፣ ወደ ጥላ አስገብቶ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ 8 ሰዓት ገደማ ላይ መቀባት ነው። እንጨቱ ራሱ ኢፖክሲውን ይጠጣዋል። ይህ ሰዓት ለሌሊቱ ስለሚቀርብ ፈጣን ሃርድነርና የሙቅ ውሃ ጀሪካን ያስፈልገዋል።

ከዚያ በፊት ግን እንጨቱ ደርቋል ወይ? ውሃ ውስጥ የከረመ ጣውላ በሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አይደርቅም። የእጅ መዳፍ የምታህል ጥርት ያለ ላስቲክ ጣውላው ላይ በፕላስተር ዙሪያዋን አሽጋችሁ ለአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተዉአት። ከሥሯ ጠብታ ከታየ ገና ነው፤ ጥላ ያለው ነፋሻ ቦታ ላይ ይቆይ።

መጋጠሚያው ላይ ኢፖክሲ ትክክለኛው ዕቃ አይደለም። ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ኢፖክሲ ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱ መሰንጠቅ አለበት። ለመጋጠሚያ ቃጫ ወይም ጥጥ ጠቅጥቆ በላዩ የሚለጠጥ ማሸጊያ መሙላት ይሻላል። ኢፖክሲን ለተሰነጠቀ ጣውላ፣ ለተበላ የምስማር ቀዳዳና ለጎድን እንጨት ያውሉት፤ መሙያው በወንፊት የተነፋ ሰጋቱራ ይሁን፣ በስፓቱላ ሲነሳ እስከማይፈስ ድረስ ተወፍሮ። ጀልባው ከዚህ በፊት ሬንጅ የተቀባ ከሆነ ሬንጁ እስከ ንጹሕ እንጨት ካልተነሳ ምንም ኢፖክሲ አይይዘውም።

ጥያቄ፦ ለጠረጴዛ የሚሸጠው ጥርት ያለ ኢፖክሲ ለጀልባ ይሆናል?

መልስ፦ ለዚህ ወቅት በጭራሽ። ወፍራም አፍስሰው እንዳይፈላ ተብሎ በጣም እንዲዘገይ የተሠራ ነው፤ በስስ ጨርቅ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ለቀናት ላይያዝ ይችላል። በሁለት ቱቦ የሚሸጠው የአምስት ደቂቃውም ሐይቅ ላይ ሳሉ ለጊዜው ቀዳዳ መድፈኛ ይሁን እንጂ ከውሃ መስመር በታች ለዘለቄታው አይታመንም።

ጥያቄ፦ ከጠነከረ በኋላ መቼ ውሃ ላይ እናውርደው? ላዩን ደግሞ በፋይበሩ ጄልኮት ማስጌጥ አሰብን። (የመዝናኛ ጀልባ ማኅበር አባል)

መልስ፦ በ25 ዲግሪ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሳምንት ገደማ ነው። አማካዩ 17 ወይም 18 በሆነበት ወቅት ሁለት ሳምንት ይስጡት። ማሳጠር ከፈለጉ መጀመሪያ አንድ ቀንና ሌሊት ሳይጣደፍ ይያዝ፤ ከዚያ ቀን ቀን በጥቁር ላስቲክ ሸፍነው ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ከሥሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ማግኘት በሐዋሳ ፀሐይ አይከብድም፤ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ይሠራል። እጅ ማሳረፍ ካቃተ ግን ላስቲኩን ገለጥ ያድርጉት። ለመፈተን ጥፍር ይጫኑበት፤ ምልክት ከቀረ ገና ነው።

ጄልኮት፣ ማለትም የፋይበር ጀልባ የውጭ ሽፋን፣ ፖሊስተር ስለሆነ ኢፖክሲ ላይ ሲቀባ በትርፍ ሃርድነሩ ምክንያት ከሥሩ ሳይደርቅ ይቀራል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ኢፖክሲ ፕራይመርና ሁለት ክፍል ያለው የፖሊዩሬታን ቀለም ይቀቡት። ሳይቀባ ግን አይተዉት፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፣ በጥቂት ወራት ቢጫ ሆኖ ዱቄት ዱቄት ይላል።

ጥያቄ፦ እጃችን ላይ የቀረውን በአሴቶን ነው የምናጥበው፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አሴቶን ኢፖክሲውን አቅጥኖ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። መጀመሪያውኑ የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፣ ሲቆሽሽ ይቀይሩ። ቆዳ ላይ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በሳሙናና ውሃ ይታጠቡ። አቼቶ ለስፓቱላና ለመቀስ ጥሩ ነው። ግንባር ወይም የእጅ አንጓ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ የወጣበት ሠራተኛ ከሥራው ይራቅ፤ አንዴ ገላ ከጠላው በኋላ የተፈገፈገው ዱቄት ብቻ እንኳ ይቀሰቅሰዋል፣ በተለይ በብርድ ሳይበስል የተፈገፈገ ከሆነ።